ሳትበላ ና ያለው ገጽ

ጤነኛ ሰው ገላውን ታጥቦ፣ ንጹሕ ካልሲ አጥልቆ፣ ሆዱን ባዶ አድርጎ ከቀዶ ሕክምና በር ላይ ተራ ሲጠብቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ካልተናገርኩት ያመኛል።

ማለዳ ወደ ቢሮዬ ስገባ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰዋስው አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁን በዚህ ሆስፒታል የሚለጠፈውንና የሚታተመውን ጽሑፍ የማርመው እኔ ነኝ። በዋናው በር ላይ "ግፋ" የሚለውን አስፍቄ "ይግፉ" ያስጻፍኩትም እኔ ነኝ። በዚህ የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ እያለ ሰውን በየመልኩ የሚያውቅ ቋንቋ ይዘን ሰውን በጅምላ መጥራት ነውር ነው። በቋንቋዬ እኮራለሁ፤ ኩራቴንም ደብቄ አላውቅም።

ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ፊት ለፊት ባለው ረጅም ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የሆስፒታሉን የኮምፒውተር ሥራ የሚመሩት ሰው ቆመዋል። እኚህን ሰው ፊት ለፊት "መሐንዲስ" እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ግን "ጋሽ ቁልፍ" ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው የሠሩትን ነገር ሁሉ ቆልፈው ማንንም ስለማያስነኩ ነው።

"መምህር፣ እንደምን አደሩ?" አሉኝ። ፊታቸው ግን ደኅና ያደረ ሰው ፊት አልነበረም።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው፣ በደኅና?"

"እኚህ አማቼ ናቸው፤ የታላቅ እህቴ ባል። ኦፕራሲዮን ሊሆኑ መጥተው አገኘኋቸው።"

ወደ ሽማግሌው ዞር ብዬ፣ "እግዜር ይማርዎት፤ ምንዎን ነው ያመመዎት?" አልኳቸው።

"እንጃ፤ እነሱ ይነግሩኛል ብዬ ነው" አሉ ሽማግሌው ረጋ ብለው። "ትናንት በስልካችን 'ሳትበላ ሳትጠጣ ና' ተባልኩ። ባለፈው ጉልበቴን ታይቼ ነበር፤ እንግዲህ ሊከፍቱት ይሆናል ብዬ መጣሁ። ሐኪም ና ካለ ምን ይባላል?"

የሽማግሌው ጉልበት ቢታሽ እንጂ ቢቀደድ የሚወድ አልነበረም። ኦፕራሲዮኑ የባለቤታቸው ነው። የሴትዮዋ እንቅርት አድጎ የአየር ቧንቧቸውን ስለተጫነው፣ ከተጋደሙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ተቀምጠው ነው የሚያድሩት። ይህንን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሐኪም ደግሞ ለጥቂት ቀን የመጣ እንግዳ ነው። ነገ ጨርሶ ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

ባልና ሚስቱ ያላቸው አንድ ስልክ ነው። ከሆስፒታሉ የተላከላቸው፣ በስልኩ ላይ ሲነኩት የሚከፈት ገጽ እንዲህ ይላል፦ "ውድ ታካሚ፣ ነገ ጠዋት ሳትበላና ሳትጠጣ ና።" ስም የለው፣ ማዕረግ የለው። ሚስት አነበቡት፤ "ና" የሚለው ወንድን ነውና ስልኩን ለባላቸው ሰጡ። ሲነጋ ባል በባዶ ሆዳቸው ወደ ሆስፒታል ወጡ፤ ሚስት ቤታቸው ቁጭ ብለው ዳቦ በሻይ በሉ። የአብዬን ወደ እምዬ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእምዬን ወደ አብዬ ግን ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

"ይህ ጽሑፍ በየትኛው በር ነው ያለፈኝ?" ብዬ መሐንዲሱን ጠየቅኋቸው። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

"በእርስዎ አላለፈም። ፕሮግራሙ ውስጥ ተገንብቶ ያለ ነው። እኔው ራሴ የጻፍኩት ነው፤ አጭር ይሁን ብዬ።"

"'ይምጡ' ቢሉ ስንት ፊደል ይጨምርብዎ ነበር?"

የቀዶ ሕክምናዋ ነርስ ደግ ሰው ናት፤ ነገሩን ስትሰማ የነገውን የመጨረሻ ተራ ለሴትዮዋ ያዘችላቸው። መሐንዲሱ ደስ ብሏቸው እዚያው ቆመው ለእህታቸው ደወሉ። ሽማግሌውም እንዲሰሙ ብለው ድምፁን ከፍ አደረጉት።

"እትዬ፣ የነገው የመጨረሻ ተራ ተይዞልዎታል። ከዛሬ እኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ።"

"የማን ተራ? ና የተባለው ባሌ ነው፤ ልኬላችኋለሁ" አሉ ሴትዮዋ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ቃላቸው ግን እንደ ሚስማር ነው።

"ስሕተት ነው እትዬ። እርስዎን ለማለት ነው።"

"እኔን? እኔን ነው 'ና' ያለኝ?" አሉ። "ስማኝ ወንድሜ። ሴትና ወንድ ያልለየ ቤት እንቅርትና ጉሮሮ ይለያል?"

"ኧረ እትዬ፣ ያ ማሽኑ ነው፤ ሐኪሙ ሌላ ነው።"

"እኔ ማሽኑንም ሐኪሙንም አላውቃቸውም። የማውቀው አንድ ቤት ነው፤ ያ ቤት አንተ አለኝ። ልጅ ወልጄ፣ አንተንም አሳድጌ፣ በስተርጅና አንተ ልባል? በስሜ፣ በወጌ ሲጠራኝ እመጣለሁ። አለዚያ እንደ ተቀመጥኩ አድራለሁ፤ ለምጄዋለሁ።"

"እኔ እየጠራሁዎት አይደል?"

"አንተማ ወንድሜ ነህ። አንገቴን የሚቆርጠው አንተ አይደለህም" ብለው ስልኩን ዘጉት።

ባላቸው ጉልበታቸውን እያሹ፣ "አለች አለች ነው። እኔ አላውቃትም?" አሉ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው። አንባቢ ሴትዮዋ አበዙት ይል ይሆናል፤ እኔ ግን በልቤ ባርኔጣዬን አነሣሁላቸው። ቢላ ለያዘ ሰው አንገቱን የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ በሰውነቱ ልታወቅ ቢል ምን ያጠፋል?

መሐንዲሱ ሽማግሌውን ወደ ቤታቸው ሸኝተው ወደ ቢሯቸው ሲያዘግሙ ተከተልኳቸው። የነገ ተረኞች ገጽ የሚላከው ከምሳ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ያቺ "ና" ካልተነሣች ሴትዮዋ አይመጡም፤ ሴትዮዋ ካልመጡ ሐኪሙ ይሄዳል። መሐንዲሱ ይህንን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው እኚህ እህታቸው ናቸው።

ቢሮው ውስጥ የወንድማቸው ልጅ ነበረች። ከትምህርት ከወጣች ገና ናት፤ ከአጎቷ ሥር ትሠራለች። በጆሮዋ ላይ እርሳስ ትሰካለች፣ አጎቷን ትፈራለች፤ ያመነችበትን ነገር ግን ከመናገር አትመለስም። የአክስቷን ነገር ስትሰማ እርሳሷን አወረደች።

"ታዲያ ቃሏን ዛሬውኑ እንቀይራታ፣ አጎቴ" አለች።

"በምን በኩል? ፕሮግራሙ የሚገነባው በየሦስት ወሩ ነው። የገጹ ቃል ፕሮግራሙ ውስጥ ነው ያለው፤ አንዷን ቃል ከነካሁ ሁሉም እንደ አዲስ መገንባት፣ ከላቦራቶሪው እስከ መድኃኒት ቤቱ እየተፈተሸ መሄድ አለበት። ሁሉን የሚያሠራው ማሽን፣ ሰርቨሩም ቆሞ ይነሣል። ለአንዲት ቃል ብዬ ሆስፒታሉን በቁሙ አልከፍትም። እህቴን ለምኜ አመጣለሁ።"

"ለምነው አያመጧቸውም፤ ያውቋቸዋል" አልኩ። ጣልቃ መግባት አመሌ ነው። "ሁሉንም 'እርስዎ' ብለን ብንጨርሰውስ? 'ሳይበሉ ይምጡ' ቢል ማንም አይቀየምም።"

ልጅቷ በትሕትና ፈገግ አለች። "ይቅርታ መምህር፤ ያም አይበቃንም። 'እርስዎ' ወንድም ሴትም ነው። በአንድ ስልክ ለሚጠቀሙት ለአክስቴና ለባላቸው 'ሳይበሉ ይምጡ' ቢመጣ ማንኛቸው ይሂዱ? ባልየው በአክብሮት ተጠርተው ይመጡ ነበር እንጂ ልዩነት የለውም። ለሕፃን ደግሞ 'ሳይበሉ ይምጡ' አንልም፤ ለወላጁ 'ልጅዎን ሳትበላ ያምጧት' ማለት አለብን፤ ወንድ ከሆነ 'ሳይበላ ያምጡት'። ገጹ ሰውን እያየ መናገር አለበት።"

ሰዋስውን በገዛ ሙያዬ አስተማረችኝ። ቅር ማለት ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ ከእኔ ትውልድ ሞልቶ የፈሰሰ ነገር በእሷ ትውልድ ጽዋ ውስጥ ሳየው ኮራሁ። 

"እሺ፣ ሰውን እያየ ይናገር" አሉ መሐንዲሱ። "በሚቀጥለው ግንባታ እጨምረዋለሁ።"

"አጎቴ፣ አብነቱን ከፕሮግራሙ እናውጣው።"

እነሱ ቴምፕሌት ይሉታል፤ እኔ አብነት እለዋለሁ። ነገሩ ቀላል ነው፦ የማይለወጠው ቃል ተጽፎ፣ ለስምና ለሰዓት ባዶ ቦታ በቅንፍ የሚተውበት ገጽ ነው። ልጅቷ ያለችውን እኔም በገባኝ መጠን ላስቀምጠው።

"አብነቱ እንደማንኛውም ጽሑፍ ዳታቤዙ፣ የመረጃው መዝገብ ውስጥ ይቀመጥ" አለች። "ገጹ ሲፈለግ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ጽሑፉን ያነሣዋል፤ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ኮምፓይል ያደርገዋል፤ ከዚያ ስሙን ይሞላበታል። መምህር ቃሉን ሲያርሙት ገጹ ያኔውኑ ይታረማል። ምንም አይገነባም፤ ምንም አይቆምም። ከዋናው ፕሮግራም ጎን ለብቻው የሚሠራ፣ ስሞክረው የቆየሁት አለ፤ ከፈቀዱልኝ ለዚህ ለአንዱ ገጽ ብቻ ላሳይዎት።"

"ቤቱ ሳይፈርስ ሌባው ይግባ ነው የምትይኝ።"

"ኧረ አጎቴ፤ በሩ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ለመቀየር ግድግዳ አይፈርስም ነው የምለው።"

መሐንዲሱ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ሰውዬው መነጽር ሲጠርጉ ክርክር ተጀመረ ማለት ነው።

"እስቲ እንነጋገር። እኔ ስገነባ ስሕተት ካለ ማሽኑ የሚነግረኝ ለእኔ ነው፤ እዚሁ ወንበሬ ላይ። አንቺ እንደምትይው ቢሆን ስሕተቱ የሚወጣው በታካሚው ስልክ ላይ ነው። አንዱ ጸሐፊ ቅንፍ ሳይዘጋ ይረሳል፤ ገጹ ባዶ ሆኖ ይከፈታል። አንተ ከተባለች ሴትና ባዶ ገጽ ካየ በሽተኛ ማንኛው ይሻላል?"

"ሁለቱም አይሻሉም። ግን ታካሚው እስኪከፍተው ለምን እንጠብቃለን? ጸሐፊው 'አስቀምጥ' ሲል ያኔውኑ ኮምፓይል እናድርገው። ካልሆነ አይቀመጥም፤ የትኛው መስመር ላይ እንደተሳሳተ ይነገረዋል። የቆየው ደኅነኛ ገጽ በቦታው ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል።"

"ፍጥነቱስ? ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ስትተረጉሚ ልትውዪ ነው?"

"አንዴ ነው የሚተረጎመው። የተተረጎመውን ሰርቨሩ ይዞ ያቆየዋል፤ ጽሑፉ ካልተለወጠ ዳግመኛ አይነካውም።"

"ይህንንስ አስበሽበታል" አሉ፤ ለእሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የእኔ ፍርሃት ሥሩ ይኸውልሽ፦ ጽሑፍ ጽሑፍ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ማንንም አይጎዳም። ጽሑፍን ወደ ትእዛዝ የሚለውጥ በር ከከፈትሽ ግን በዚያ በር የገባ ሁሉ ትእዛዝ ነው። አብነቱን መምህር ይጽፉታል፤ መምህርን አምናለሁ። ስሙን ግን የሚሞላው ሕዝቡ ነው፤ ከቤቱ ሆኖ በስልኩ ነው የሚመዘገበው። ስሙን ትቶ ሌላ ነገር ቢጽፍስ?"

"ስሙ ስም ሆኖ ነው የሚገባው።"

"አሳዪኝ።"

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። ልጅቷ ሙከራዋን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችው። ውስጡ ያሉት ታካሚዎች በፈጠራ ስም የተሞሉ ናቸው፤ እውነተኛ ሰው የለበትም። መሐንዲሱ ወንበራቸውን ሳቡና ለታካሚ ስም በተተወው ቦታ ላይ ስም ሳይሆን አንድ ነገር በቅንፍ ጻፉ። ትርጉሙ "የተመዘገቡትን ሁሉ አውጣ" ማለት ነው ብለው ለእኔ ነገሩኝ። ከዚያ ገጹን ከፈቱት።

"ውድ" ከሚለው ቃል ቀጥሎ የታካሚው ሁሉ ስም ከነበሽታው ተዘረገፈ።

ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ያ ገጽ የእውነት ቢሆን ኖሮ የሰፈሩ ሁሉ የሆድ ቁስልና የሆድ ምስጢር በአንድ ጎረምሳ ስልክ ላይ ይነበብ ነበር። እኔ መሐንዲሱ ይኩራሩባታል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተኩራሩባትም።

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እስቲ ሥራሽን መልሰሽ አንብቢው። የት ላይ ነው?"

ለረጅም ጊዜ አነበበች። "እዚህ ነው" አለች በመጨረሻ። "ስሙን መጀመሪያ ከጽሑፉ ጋር አጣብቄ፣ ከዚያ ሁለቱን አብሬ ነው የተረጎምኩት። ማሽኑ የመምህርን ቃልና የታካሚውን ቃል መለየት አልቻለም።"

"እና?"

"መጀመሪያ አብነቱ ብቻውን ይተርጎም። ስሙ ከዚያ በኋላ እንደ ዕቃ ይሰጠው። ዕቃ አይተረጎምም፤ ይቀመጣል እንጂ።"

"ሰው የሚሞላው ሁሉ ዕቃ ነው፤ ትእዛዝ አይደለም። ይህንን ከያዝሽ ግማሽ መንገድ ሄደሻል።"

"የቀረው ግማሽስ?"

"አብነቱ ራሱ ብዙ ሥልጣን አይኑረው። መምህር ባዶ ቦታ መሙላትና 'ሴት ከሆነች ይህን፣ ሕፃን ከሆነ ያንን' ማለት ይበቃቸዋል። ሌላ ቃል ቢጽፉ ማሽኑ አላውቅም ይበላቸው። ዳታቤዙንም አያሳያቸው።"

"እኔን ነው የሚጠረጥሩት?" አልኩ።

"መምህር፣ የምወደውን ሰው ነው የምቆልፍበት" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። አጎትና የወንድም ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ ትጽፋለች፤ እሳቸው ያፈርሳሉ፤ እሷ መልሳ ታጠነክራለች። እሳቸው ከሌሎች ይልቅ የሚያውቁት ሌባ በየት በኩል እንደሚመጣ ነው፤ እሷ የምታውቀው ደግሞ በሩ ለምን መከፈት እንዳለበት ነው። አንዱ ካለሌላው ቢሠራው ኖሮ ወይ እስር ቤት ወይ ገበያ ይሆን ነበር። በመካከሉ መሐንዲሱ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ጸሐፊው "አስቀምጥ" ባለ ቁጥር አብነቱ በውሸት ታካሚዎች ይፈተን፤ በወንድ፣ በሴት፣ በሕፃንና በአረጋዊ። አንዱ ባዶ ከቀረ ወይም ካልተተረጎመ አይቀመጥ። ልጅቷ ይህንን ስትሰማ፣ "ይህንን እኔ አላሰብኩትም ነበር" አለች፤ አጎቷ ደግሞ ደስታቸውን ለመደበቅ መስኮት ሊከፍቱ ተነሡ።

አሁንም አንድ ጊዜ ያንኑ ክፉ ቃል በስሙ ቦታ ላይ ጻፉት። ገጹ ተከፈተ፦ "ውድ" ብሎ ቅንፉን ከነቃሉ እንዳለ ጽፎ አሳየ። ማሽኑ ያልታዘዘ መልእክተኛ ይመስል ቃሉን ተሸክሞ ቆሟል፤ ምንም አልተዘረገፈም። መሐንዲሱ ቅንፉን በሌላ ዓይነት ሞከሩት፤ ገልብጠው ሞከሩት፤ ሁለቱን ደርበው ሞከሩት። አልሆነም።

"ይቺ ልጅ" አሉ፤ የቀረውን ዋጡት።

ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። "መምህር፣ ብዕሩ የእርስዎ ነው" ብለው ወንበሩን ለቀቁልኝ።

ተቀመጥኩ። ዕድሜ ልኬን የሌላ ሰው ጽሑፍ አርሜያለሁ፤ ማሽን ግን በቀጥታ ከእኔ እጅ ቃል ሲቀበል ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ለሴት ጻፍኩ፣ ለወንድ ጻፍኩ፣ ለሕፃን ወላጅ ጻፍኩ፣ ነጠላ ሰረዙን አሳምሬ "አስቀምጥ" የሚለውን ተጫንኩ። ማሽኑ በቀይ ፊደል እንዲህ አለኝ፦ "በሁለተኛው መስመር የተከፈተው ቅንፍ አልተዘጋም። አልተቀመጠም።"

መሐንዲሱ ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው ስለማላውቅ መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። "አሁን አመንኩ" አሉ። "እርስዎን ካረመ ማንንም አያሳልፍም።"

ቅንፌን ዘጋሁ፤ ተቀመጠልኝ። ሰርቨሩ አልቆመም፤ ላቦራቶሪው አልተነካም፤ መድኃኒት ቤቱ ምንም ሳይሰማ ሥራውን ይሠራል። ልጅቷ ዋናውን ፕሮግራም ሳትነካ ይህንኑ አንድ ገጽ ብቻ ታካሚው ወደሚከፍተው ወደ እውነተኛው ቤት አሻገረችው፤ አጎቷ በዓይናቸው እየተከተሉ ፈቀዱ። ከምሳ በኋላ የነገ ተረኞች ገጽ ወጣ።

መሐንዲሱ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። ሌላ ሥራ የያዙ ለመምሰል ወረቀት ያገላብጣሉ፤ አንዱንም ግን አላነበቡም። ነገ ሐኪሙ ይሄዳል፤ እህታቸው ደግሞ እምቢ ካሉ እምቢ ናቸው። ስልኩ ሲጮህ አላነሡትም፤ ልጅቷ ናት ያነሣችው።

"አክስቴ፣ ደረሰዎት?"

"ደርሶኛል። ባሌ ሊያነብልኝ ነበር፤ እምቢ ብዬ ራሴ አነበብኩት።" ሴትዮዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ቃል በቃል፣ ሳይቸኩሉ፣ በዚያ ሻካራ ድምፃቸው አነበቡልን። ወይዘሮ ብሎ፣ ስማቸውን ጠርቶ፣ "ነገ ለቀዶ ሕክምናዎ እንጠብቅዎታለን። እባክዎ ከዛሬ እኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም ሳይበሉና ሳይጠጡ ይምጡ" ይላል። "ማን ነው የጻፈው?"

"ቃሉን መምህር፣ ቤቱን አጎቴ" አለች ልጅቷ።

"ውሸቷን ነው፣ እትዬ" አሉ መሐንዲሱ ከሩቅ። "ቤቱን እሷ ናት የከፈተችው። እኔ በሩን ነው የጠበቅኩት።"

"እንግዲያው እመጣለሁ" አሉ ሴትዮዋ። መሐንዲሱ ወረቀታቸውን አስቀመጡ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ስገባ፣ ሴትዮዋ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ በጀርባቸው ተጋድመው ተኝተዋል። ትንፋሻቸው በእርጋታ ይወጣል፣ ይገባል፤ አያፏጭም፣ አያቃስትም። ባላቸው ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ሚስታቸውን ያያሉ። "ተጋድማ ስትተኛ ካየኋት ዘመን የለውም" አሉኝ። ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ እኔም ፊቴን አዞርኩ።

ሲነቁ ሐኪሙ መናገር ከልክሏቸው ነበር። መሐንዲሱ ይህን አጋጣሚ አላለፉትም። እህታቸው መልስ የማይሰጡበት ቀን በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ነውና ወንበር ስበው ጀመሩ።

"እትዬ፣ ድሮ እኔ ገጹን ፕሮግራሙ ውስጥ እገነባው ነበር፤ ቃል ሲሳሳት ሦስት ወር እየተሳሳተ ይቆይ ነበር። አሁን ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ይተረጎማል፤ ሲሳሳት ያኔውኑ ይታረማል። ዛሬ ጠዋት የሕፃናት ክፍሏ ነርስ መጥታ ለእናቶች የሚላከውን ራሷ አስተካክላ ሄደች። ነገ ላቦራቶሪው የራሱን ይጽፋል። ቃሉን የሚጽፈው ሰውየውን የሚያውቀው ነው፤ እኔ የምጠብቀው ማንም ቃልን ወደ ትእዛዝ እንዳይለውጥ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ቁልፉን የያዝኩት በሩን ለመጠበቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰዉንም ነው ያስቀረሁት።"

ሴትዮዋ አዳምጠው ሲያበቁ እጃቸውን በወንድማቸው እጅ ላይ አኖሩ። ከእኔ ወገን የምጨምረው ትንሽ ነው፦ ማሽን ሰውን አያከብርም፤ ሰው ነው በማሽን በኩል ሰውን የሚያከብረው። ለዚህ ደግሞ ቃሉ ከሰው እጅ መራቅ የለበትም፤ ትእዛዙ ግን ከሁሉ ሰው እጅ መግባት የለበትም። ይህን የለየ ሰው በአዲስ ሥራ አይፈራም።

በሩ ተንኳኳና ልጅቷ ገባች። እርሳሷ ጆሮዋ ላይ ነው። አክስቷን ተጋድመው ስታያቸው እዚያው በሩ ሥር ቀረች።

ሴትዮዋ የሐኪሙን ክልከላ ጥሰው አፋቸውን ከፈቱ። ይህችን ልጅ አዝለው አሳድገዋታል፤ "አንቺ" እንጂ ሌላ ብለዋት አያውቁም።

"ይምጡ" አሉ በሹክሹክታ፣ የአልጋቸውን ጠርዝ እየመቱ። "እዚህ ይቀመጡ።"

ልጅቷ ማን እንደገባ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች።

"እርስዎን ነው" አሉ አክስቷ።